የተያዘ ቆዳ

ቆዳ ብቻውን የሚበቅልበት በረት አለ አሉ።

እንዲህ የሚሉት ጋሽ ይመኑ ናቸው። ጋሽ ይመኑ በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሆስፒታል በር ላይ ከብት ተቀባይ ናቸው፤ ገመድ ተቀብለው፣ ተራ ሰጥተው፣ ወሬ መርቀው ያስገባሉ። "ቀንድ የለው፣ ሆድ የለው፣ እግር የለው" ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ግን ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። "እንዲሁ እንደ አጎዛ ተዘርግቶ ያድጋል። ሲነኩት ታዲያ ይርገበገባል አሉ፤ ልክ ዝንብ እንዳረፈበት በሬ።"

ባለፈው ሳምንት በረቱ አዋሽ በረሃ ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት መተማ። ዛሬ ወለጋ ገብቷል።

"ጋሼ፣ አዋሽ አልነበር እንዴ?" አለቻቸው ዶክተር ምንታምር የጋዋኗን ቁልፍ እየቆለፈች።

"አስፋፍተውታላ!"

"በዓይኑ ያየ ሰው አለ?"

"የሚያይ ሰው መቼ ያስገባሉ? የነገረኝ ያላየ ሰው ነው። ለዚህ ነው ያመንኩት።"

ምንታምር ወሬውን አታምነውም። የማያምነው አእምሮዋ ግን የሚለው "እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም" አይደለም። እንዲህ ያለ በረት ቢኖር ኖሮ የቆዳ ድርጅቱ ከነዚህ ሁሉ በሬዎች ጋር ምን አንገላታው ነው የሚለው።

ግቢው ውስጥ በሬዎቹ ካፖርታቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። ካፖርት የሚለውን ስም ያወጣው ገበሬው ነው፤ የድርጅቱ ሰዎች "መከላከያ ሽፋን" ይሉታል። ከውጭ ሸራ፣ ከውስጥ ጥጥ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሆድ ሥር በሽቦ ማቀፊያ የሚቆለፍ። ድሮ ልጆች እየተከተሉ ይስቁበት ነበር አሉ። አሁን ልጆቹ የሚስቁት ራቁቱን የሚሄድ በሬ ሲያዩ ነው።

ሥርዓቱን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በሬው የገበሬው ነው፤ ቆዳው የድርጅቱ። ጥጃ ሳለ ቆዳው "ይያዛል"፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ይሰካል፣ ከዚያ ወዲያ በሬው እስኪሞት የድርጅቱን ቆዳ ተሸክሞ ይዞራል፤ ገበሬው ደግሞ ተሸካሚውን ይቀልባል። የተያዘ በሬ አያርስም፣ ቀንበር አንገት ይልጣልና። እሾህ ባለበት አይሰማራም። አለንጋ አይነካውም። ይሄ እንኳ ጽድቅ ነበር ትላለች ምንታምር፤ ለበሬው ብለው አድርገውት ቢሆን።

እሷ የቆዳ ሐኪም ናት። ተማሪ ሳለች ቆዳን የመረጠችው ቆዳ ምስጢር ስለማይጠብቅ ነው። ጉበት ሲታመም ጠጉር ያሳብቃል፤ ኩላሊት ሲደክም ቆዳ ይደርቃል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ትል ጀርባ ላይ ይነበባል። አሁን ግን ጉበቱ የታመመ በሬ ጠጉሩ ረግፎ ሲመጣ "ጠጉሩን መልሺ" ይሏታል። ጉበቱስ? ጉበቱ የገበሬው ነው።

በምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ድሮ የጡንቻና የአጥንት ሥዕል ተሰቅሎበት በነበረው ቦታ፣ የቆዳ ካርታ ተሰቅሏል። ጀርባና ታፋ ቀይ፤ አንደኛ ደረጃ። ትከሻና ጎን ቢጫ። ሆድ፣ ብሽሽት፣ አንገት ሥርና የጅራት ሥር ነጭ፤ ተራፊ ይባላሉ። መርፌ የሚወጋው ተራፊ ላይ ብቻ ነው። ምላጭ ያለበት ቁምሳጥን የሚከፈተው በሐኪም እጅ አይደለም፤ በድርጅቱ ወኪል በአቶ ሚልኪያስ አውራ ጣት ነው። ሚልኪያስ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቢሮ አለው። ትሑት ሰው ነው። ሲከለክልህ ይቅርታ ይጠይቅሃል።

የዚያን ቀን ከወረፋው ወይዘሮ ዘርትሁን የቀይ በሬ ገመድ ይዘው ገቡ። ከቆላው ማዶ ካለች መንደር ነው የመጡት፤ በሬውን በጭነት መኪና አሳፍረው፣ እሳቸው ከኋላ አብረውት ቆመው።

"ዶክተርዬ፣ ይሄ ልጅ እምቢ አለኝ። አይበላም" አሉ። ልጅ የሚሉት በሬውን ነው። አለኝታ ይባላል። "እናቱ እሱንና ወንድሙን መንታ ወልዳ በሳምንቷ ሞተች። ሁለቱንም በጡጦ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ይኸው አሁን ፊቱን ያዞርብኛል።"

"ወንድሙስ ደህና ነው?"

"ደጀን? ደጀንማ ነፃ ነው፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን ያርሳል። ይሄኛው ካፖርት ለብሶ ይቀለባል፣ ያኛው ይለፋል። ያው እንደ ሰው ቤት ነው፤ አንዱ የተማረ፣ አንዱ ያልተማረ።"

ምንታምር ሳቀች። ካፖርቱ ሲወልቅ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። የቀኝ ታፋው ላይ ድፎ ዳቦ የሚያህል እብጠት ተቀምጧል። በመዳፏ ነካችው፤ እንደ ምድጃ ይፋጃል። በሬው አቃሰተ። ከእብጠቱ ጫፍ ላይ የሚስማር አናት የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ካፖርቱን ገለበጠችው። የማቀፊያው ሽቦ ተሰብሮ፣ በጥጡ በኩል ሾልኮ፣ ጫፉ ዝጎ ወጥቷል።

"መቼ ጀመረው እትዬ ዘርትሁን?"

"ምኑን አይቼ ልጄ? ያለ ወኪል እንዳታወልቁ ተብለን የለ!"

ቆዳ እንዳይቧጨር ብለው ያለበሱት ነገር በሬውን ወግቶታል። ምንታምር ይህን ጮክ ብላ ልትናገረው ፈለገች፤ ግን ለማን? ተማሪዎቿ ማስታወሻ እየያዙ ነው። አንዷ እጇን አውጥታ "ዶክተር፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?" አለቻት።

"ለፈተናማ መጥቷል" አለች ምንታምር።

ውስጡ መግል ነው። መድኃኒት ብቻውን አይደርስበትም፤ መከፈት አለበት። ጣት በምታህል ስንጥቅ፣ እዚያው ጥቁሯ ነጥብ ላይ፣ መግሉ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ በሬው ማታውኑ ሣር ይጠይቃል። ይህን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይሠራዋል። ችግሩ ያቺ ነጥብ ከቀዩ መሀል ላይ ናት።

ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች።

"ሚልኪያስ፣ ምላጭ ክፈትልኝ።"

ሚልኪያስ በስልኳ ያነሳችውን የእብጠቱን ምስል አየ። ከንፈሩን መጠጠ፤ የእውነቱን ነው የመጠጠው። "ውይ፣ ያሳዝናል። ግን ዶክተር፣ አንደኛ ደረጃ ላይ ነው እኮ። ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ።"

"እስኪፈቅዱ መግሉ አጥንት ይደርሳል።"

"ይገባኛል። እኔም ሰው ነኝ። ግን ቆዳው የእኔ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"የባለቤቱ።"

"ባለቤቱ ውጭ ቆመው ጭራውን ይዘዋል።"

"እሳቸውማ የበሬው ናቸው" አለ ሚልኪያስ፣ በትህትና።

ጥያቄው ተላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው ይላል። ምንታምር ለክፍል ኃላፊዋ ደወለች። ኃላፊዋ ጥሩ ሐኪም ነበር፤ ኃላፊ ሳይሆን በፊት። "ምንታምር" አላት፣ "ለመሆኑ የተቀመጥሽበትን ወንበር ማን የገዛው ይመስልሻል?" ቆማ ነበር የምታወራው።

ስትመለስ ወይዘሮ ዘርትሁን የበሬውን ግንባር እያከኩ ነበር።

"ምን አሉሽ?"

"እያየነው ነው አሉ።"

"ምኑን ነው የሚያዩት? የሚታየውማ እዚህ አይደል!" ወደ እብጠቱ ጠቆሙ። "አንቺ ነይ ቅደጂው በቃ። ቢላ ይጠፋል? እኔ እይዘዋለሁ፣ አይራገጥም።"

"እትዬ፣ ለቆዳው ምን ነበር የሰጧችሁ?"

ሴትዮዋ የበሬውን ግንባር ማከክ ተዉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ቧንቧ" አሉ። "ሰፈሩ ሁሉ ከእሱ ነው የሚቀዳው።"

ምንታምርም ይህንኑ ነበር የፈራችው። አምና የሥራ ባልደረባዋ ዶክተር አምሃ አንዲት ጊደር ስትሞት ማየት አልቻለም፤ ያለ ፈቃድ ጎኗን ቀደደ፣ ጊደሯም ዳነች። በማግሥቱ የመንደሩ ቧንቧ ተዘጋ። ጊደሯ ዛሬም አለች፤ ውኃ ፍለጋ ከሰው ጋር ወንዝ ትወርዳለች። አምሃ ግን ሥራውን ትቶ ሄደ። መንደሩ ሊያመሰግነው ሳይሆን ሊደበድበው መጥቶ ነበር።

"እንግዲያስ ይሙት ነው የምትይኝ?" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።

"አላልኩም።"

"ቆዳውን ሰጠሁ፤ እሺ። ባለቤቴ በሕይወት እያለ ተማክረን ነው የሰጠነው። ነፍሱን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ ለማንም አልሰጠሁም። ነፍሱን አድኚልኝ ልጄ።"

ምንታምር ካርታውን አየች። ቀዩን ተከትላ ወደ ታች ወረደች፤ ቢጫ የለም፤ ታፋው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ብሽሽቱ ጋ ነጭ ይጀምራል። ብሽሽት ተራፊ ነው። ብሽሽት ላይ ምላጭ ይፈቀዳል። ከዚያ ተነስቶ በጡንቻዎቹ መሀል ወደ ላይ መንገድ እየከፈቱ መውጣት፣ እብጠቱን ከሥሩ መውጋት፣ መግሉን በቱቦ ወደ ታች ማስወረድ። በመጽሐፍ የለም። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች በሬ ከላይ እየተበሰበሰ ከታች የሚከፈትበት ዘመን ይመጣል ብለው አላሰቡም።

"ከታች ልገባ ነው" አለቻቸው፤ በእጇም አሳየቻቸው።

ወይዘሮ ዘርትሁን የእጇን አካሄድ በዓይናቸው ተከተሉ። "ደጃፉ እዚህ ሆኖ በጓሮ ዞረሽ ልትገቢ?"

"ደጃፉ የሰው ነው እትዬ።"

ሚልኪያስ ቁምሳጥኑን ያለ አንዳች ጥያቄ ከፈተ። እንዲያውም ደስ አለው። "ጎበዝ ነሽ ዶክተር! ሁሉም የሚስማማበት መፍትሔ ነው" አላት። ምንታምር ምላጩን በእጇ ይዛ ለአፍታ ፊቱን አየችው። ከዚያ ወደ በሬው ዞረች፤ ለበሬው ስትል ነው።

ሥራው ከባድ ነበር። በሬው ቆሞ፣ በመድኃኒት ፈዞ፣ ጋሽ ይመኑ ቀንዱን ይዘው፣ ባለቤቱ ጆሮው ሥር እያንሾካሾኩ። ምንታምር ተንበርክካ እጇ እስከ ክርኗ ጠፍቷል። በጣቷ ጡንቻውን ከጡንቻው እየለየች፣ ደም ሥሩን እየሸሸች፣ ሳታይ ወጣች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ላይ ላይ፣ ከግንባሯ ስንዝር በማይርቅ ቦታ፣ ያቺ ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች።

"በወለጋው በረት ቢሆን" አሉ ጋሽ ይመኑ ለራሳቸው ይመስል፣ "እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። መግል የለው፣ ሕመም የለው…"

"ጋሼ!"

"ዝም ብያለሁ።"

ጣቷ ለስላሳ ነገር ነካ። ገፋችው። መግሉ በክንዷ ላይ ሞቅ ብሎ ወረደ፤ ሽታው ተማሪዎቹን ወደ በሩ ገፋቸው። አለኝታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እብጠቱ እያዩት ጎደለ፣ ሟሸሸ። ወይዘሮ ዘርትሁን እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ሆስፒታል መሆኑ ትዝ ብሏቸው በመዳፋቸው ያዙት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሬው አንድ ጭብጥ ድርቆሽ በላ። ባለቤቱ ሣሩን በእጃቸው እያጎረሱት "እንዲህ ነው እንጂ! ኩርፊያህ አለፈ?" ይሉታል። ምንታምር ግድግዳውን ተደግፋ ታያቸዋለች። ደክሟታል። ኩራትም ተሰምቷት ነበር፤ በኋላ የምታፍርበት ኩራት። እነሱ በከለከሏት በር አልገባችም፣ ግን ገብታለች።

በማግሥቱ ጠዋት አለኝታ ተኝቶ ነበር።

ትኩሳቱ ተመልሷል። ታፋው ደህና ነው፤ ቆዳው ረግቷል፣ ነጥቧ ደርቃለች። ያበጠው ሆዱ ነው። ምንታምር ጆሮዋን ጎኑ ላይ ስትለጥፍ ምን እንደሆነ ገባት። መግሉ ቱቦውን ብቻ አልተከተለም። እሷ በጣቷ የከፈተችውን መንገድ ሁሉ ተከትሏል። ከላይ ቢቀደድ ኖሮ ወደ አየር የሚወጣው መርዝ፣ እሷ ባበጀችለት ጎዳና ወደ ሆድ ዕቃ ወርዷል።

የሚሰጥ ሁሉ ተሰጠው፤ በአንገት ሥር፣ በጅራት ሥር፣ ነጭ በሆነ ቦታ ሁሉ። ሚልኪያስ በበሩ ብቅ ብሎ "ጥያቄውን በድጋሚ ልኬዋለሁ" አለ።

"አሁን ቢፈቅዱም አይጠቅመውም" አለችው ምንታምር። "አሁን ታፋው ድኗል። አየኸው? እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። ደስ ይበላቸው።"

"ዶክተር፣ እኔ ላይ…"

"አንተ ላይ ነው! ማን አለ ሌላ እዚህ? ድርጅቱ ፊት የለው፣ እጅ የለው። ፊቱ አንተ ነህ፣ አውራ ጣቱም አንተ ነህ። እኔም ነኝ። እኔ ደግሞ ለዚህ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ በቱቦ ሠርቼለት፣ ገደልኩት። አንተ ቁልፍ ያዝክ፣ እኔ ዘዴ ፈጠርኩ። ዘዴ ባልፈጥር ኖሮ ቢያንስ የማን ጥፋት እንደሆነ ይታወቅ ነበር!"

ሚልኪያስ ይቅርታ ጠየቀ።

አለኝታ የሞተው ከሰዓት በኋላ ነው። ራሱ ባሳዳጊው ጭን ላይ ነበር። ወይዘሮ ዘርትሁን አላለቀሱም። ዓይኑን ከደኑለት፤ ዝንቧን እሽ አሉለት፤ ከዚያ ቀና ብለው ምንታምርን አዩዋት።

"ደጃፉን እያየሽ" አሉ።

የድርጅቱ ቆዳ ገፋፊዎች ገላው ሳይበርድ ደረሱ። ነጭ ለብሰዋል፤ ቢላቸው ስስ ነው፤ እጃቸው እንደ አዋላጅ እጅ ይጠነቀቃል። በሕይወት ሳለ ማንም እንደዚህ ቀስ ብሎ ነክቶት አያውቅም። ዋናው ገፋፊ ጀርባውን በመዳፉ ዳበሰና "ወይ ቆዳ! ጭረት እንኳ የለበትም" አለ። "ማነው ሐኪሙ?"

ምንታምር እጇን ጋዋኗ ላይ ጠረገች።

ከመገፈፉ በፊት የአፍንጫ አሻራ ይነበባል። የበሬ አፍንጫ እንደ ሰው አውራ ጣት ነው፤ የአንዱ መስመር ከሌላው አይገጥምም፣ መንታ ቢሆን እንኳ። ቆዳው ሲያዝ የአፍንጫው አሻራ ይነሳል፤ ሲገፈፍ ደግሞ በዚያው ይረጋገጣል። ሚልኪያስ ከደረት ኪሱ ጠፍጣፋ ነገር አውጥቶ የአለኝታ አፍንጫ ላይ አስጠጋው። አየው። በመሐረብ አፍንጫውን ጠርጎ እንደገና አስጠጋው።

"ይሄ የእኛ አይደለም" አለ።

"ምን ማለት ነው የእናንተ አይደለም?" አለች ምንታምር።

"የጆሮው ቁጥር የእኛ ነው። አፍንጫው ግን የሌላ በሬ ነው።"

ገፋፊው ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰ። ወይዘሮ ዘርትሁን አንዱንም አንዱንም እያዩ፣ ነገሩ ይህን ያህል ምን እንደሚያስገርም ሳይገባቸው፣ "ያኔ አፍንጫውን ያነሳችሁትማ ደጀንን ነበራ" አሉ።

"የትኛውን ደጀን?"

"ወንድሙን ነዋ! ጥጆች ሳሉ ሰዎቻችሁ መጥተው ደጀንን ወደዱ። አፍንጫውን አንስተው ያዩታል፣ እንዴት ያለ ነው ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከላዩ አይነቅሉም። ቁጥሩን ይዘው በሌላ ቀን ሲመለሱ ባለቤቴ ዓይን ፈራ። ሁለተኛ ከምናሳያቸው ብሎ ደጀንን ጓዳ አስገብቶ ይሄንን አወጣላቸው። መንታ አይደሉ? ሠራተኛችሁም ጆሮውን ወጋ፣ ሄደ። አፍንጫ እንደሚቆጠር ማን ነገረን? እኛ ቁጥር ያለበት የተያዘ ነው ብለን ካፖርቱን ለእሱ አለበስን።"

ገፋፊው የአለኝታን ጆሮ ገልብጦ ቁጥሩን አየ።

"ይሄን ነገር" አለች ምንታምር፣ የሚልኪያስን እጅ እየጠቆመች፣ "በሕይወት ባለ በሬ አፍንጫ ላይ ማድረግ ይቻላል?"

"ይቻላል። አሠራራችን ግን ሲገፈፍ ነው።"

"ትናንትም ኪስህ ውስጥ ነበር?"

"ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው" አለ ሚልኪያስ። ከዚያ በዚያው ነገር ላይ ደንቡን በጣቱ አገላብጦ ያገኘውን ቆሞ አነበበ፤ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ፈካ አለ። ወደ ወይዘሮ ዘርትሁንም ዞረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መልካም ዜና የሚነግራቸው ሰው ሆኖ። ያኛው ካረሰ ቀንበር በልቶታልና ድርጅቱ አይፈልገውም አላቸው። ይሄኛው ደግሞ መቼም ተይዞ አያውቅም። ቁጥሩን ሳያመሳክር የሰካው የድርጅቱ ሠራተኛ ስለሆነ ጥፋቱ የድርጅቱ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ውሉ ይፈርሳል፣ የተሰጠው ግን አይመለስም። ቧንቧው የመንደሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አይደለም፤ ይሄ ጆሮ ከተወጋበት ቀን ጀምሮ።